የ5 ዋት ሬዲዮ በመሀል አዲስ አበባ፦ የሽቦ አንቴና ሠርቶ የመስቀል ዝርዝር መመሪያ

መብራት የሄደበት ምሽት ነበር። አምስት ኪሎ አካባቢ፣ በረንዳ ላይ፣ መልእክት የምትቀበልና የምትልክ ትንሿን የአማተር ሬዲዮዬን በባትሪ ከፍቼ ተቀምጬ ነበር። ከደቂቃ በፊት የ20 ሜትር ባንድ (14 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው የሞገድ ክልል) ጩኸት የሬዲዮውን የምልክት ብርታት መለኪያ ኤስ 7 ላይ ሰቅሎት ነበር። ሰፈሩ ድርግም ሲል ወደ ኤስ 1 ወረደ። ከጫጫታው ሥር ተደብቀው የነበሩ የሞርስ ድምፆች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ሬዲዮውም አንቴናውም ያው ናቸው። የተቀየረው ዙሪያዬ ነው።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ ከሽቦው ይጀምራል። የት ተሰቀለ? ከምን ራቀ? ምን ያህል ከፍ አለ? ስለ ሬዲዮው ዋጋና ጉልበት የማስበው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ሒሳቡም ይሄንን ይደግፋል። ከተለመደው የ100 ዋት ሬዲዮ ወደ 5 ዋት ስትወርዱ የምታጡት 13 ዴሲቤል ነው። በሬዲዮው መለኪያ ከሁለት ኤስ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በጥሩ ቦታ የተሰቀለ ሽቦ ከዚህ የሚበልጠውን ይመልስላችኋል። በዚያ ላይ በኢቲ፣ በኢትዮጵያ መለያ፣ የሚጀምር የጥሪ ምልክት (የጣቢያ ስም) በአየር ላይ እንደ ልብ አይገኝም። ብዙ ሰው ጆሮውን ቀስሮ ይፈልገዋል፤ ደካማ ቢሆንም ታግሶ ያዳምጠዋል። ይሄ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው።

እዚህ ሁለት አንቴና እንሠራለን። አንዱ ግቢ ላለው፣ አንዱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር።

መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ ቦታ

ያለ ፈቃድና ያለ ጥሪ ምልክት ማስተላለፍ የለም። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሬዲዮ ከውጭ ለማስመጣት ካሰባችሁም ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ጠይቁ። ለጀማሪ መልካሙ ነገር የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ መሆኑ ነው። ሰው ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማየትን የመሰለ ትምህርት የለም።

ቦታ ላይ ጥብቅ ሁኑ። መሀል ከተማ ነው ያለነው። ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲ፣ የአፍሪካ ኅብረት፣ የፀጥታ መሥሪያ ቤት በሚታይበት ቦታ ሽቦ አትዘርጉ። ፈቃዱ በኪሳችሁ ቢሆንም አታድርጉት። መናፈሻ ከሆነ አስተዳደሩን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ከሁሉም የሚሻለው የራስ ግቢ፣ የዘመድ ግቢ፣ ወይም ኮሚቴው የፈቀደላችሁ የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ነው።

ዘበኛውንና ጎረቤትን ሳታናግሩ አትጀምሩ። «ጋሼ፣ ይቺን ሽቦ ለሁለት ሰዓት እዚህ ዛፍ ላይ ልስቀላት ነው። ሬዲዮ ነው፣ ስጨርስ አወርዳታለሁ» ማለት በቂ ነው። ግንፍሌ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ እንዲህ ስል አንዲት እናት «ልጄ፣ ልብስ ማስጫ መስሎኝ ነበር እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሌላ ሰውም ይመስለዋል። ስለዚህ ሽቦው ጫፍ ላይ ደማቅ ጨርቅ ታሰራለች፣ ጫፉም ከሰው እጅ በላይ ይሆናል።

ከገበያ የሚያስፈልጋችሁ

ሽቦ። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው፣ ለስላሳ፣ 0.75 ወይም 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የኤሌክትሪክ ሽቦ ግዙ። አንድ ወፍራም ክር ብቻ ያለው ድርቅ ያለ ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር ነው። ደጋግማችሁ ስትጠቀልሉትና ስትፈቱት ይሰበራል። ጥንድ የስፒከር ገመድም ይሆናል፤ ከመሀል ስትሰነጥቁት ሁለት እኩል ክንድ ይወጣዋል።

ኬብል። ሬዲዮውን ከአንቴናው የሚያገናኘው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያስፈልግ ገንዘብ ያወጣል። የዲሽ ኬብል ለዚህ ሥራ በጣም ጥሩ ነው። 75 ኦም ነው፣ ሬዲዮው ደግሞ 50 ኦም ይፈልጋል፤ ግን ልዩነቱ ለ5 ዋት ሬዲዮ ችግር አይሆንም። የሚያባክነው ጉልበትም በ10 ሜትር ርዝመት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አርጂ174 የሚባለው ቀጭን የሬዲዮ ኬብል ለቦርሳ ይመቻል፣ ግን በ10 ሜትር ከ1 ዴሲቤል በላይ ሊበላባችሁ ይችላል። የዲሽ ኬብል አንድ ጠባይ አለው። የውጭው መረብ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ሶልደር አይዘውም። ብሎን ባለው የሽቦ ማያያዣ አጥብቁት።

ምሰሶ። ቀጭን አጠና ወይም ቀርከሃ፣ 6 ሜትር ያህል። ለጉዞ ቀርከሃውን ለሁለት ቆርጣችሁ መገናኛውን በፕላስቲክ ቱቦ ማያያዝ ይቻላል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ የሚሳብ የፋይበርግላስ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አስመጡ። ካርቦን የተባለውን አትቀበሉ፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አንቴናውን ያበላሸዋል።

የቀረው ትንንሽ ነገር ነው። ናይለን ገመድ፣ ሲባጎ፣ ናስትሮ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሜትር፣ የተሰበረ የፕላስቲክ መክተፊያ፣ ቁራጭ የኤሌክትሪክ ቱቦ። አብዛኛው ቤት ውስጥ አለ። የጎደለውን መርካቶ ምናለሽ ተራ ታገኙታላችሁ።

አንደኛው አንቴና፦ የጎጆ ጣሪያ ቅርጽ ያለው ባለ ሁለት ክንድ

ሃሞች (የአማተር ሬዲዮ ሰዎች) የተገለበጠ ቪ ይሉታል። መሀሉ ምሰሶው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለቱ ክንዶች ወደ ጎንና ወደ ታች ይወርዳሉ። ልክ የጎጆ ጣሪያ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አንድ ምሰሶ ብቻ ይበቃዋል፣ በልኩ ከተቆረጠ በኋላ ያለ ሌላ ማስተካከያ መሣሪያ ይሠራል።

ርዝመቱን ለማግኘት 143ን በምትፈልጉት ሜጋኸርዝ አካፍሉ። የሚወጣው ጠቅላላ ርዝመት በሜትር ነው። የአነስተኛ ጉልበት ሞርስ ተጠቃሚዎች በ20 ሜትር ባንድ የሚገናኙት 14.060 ላይ ነው። 143 ለ14.06 ሲካፈል 10.17 ሜትር። እያንዳንዱ ክንድ 5.08 ሜትር ማለት ነው። በ40 ሜትር ባንድ ለ7.030 ከፈለጋችሁ ክንዱ 10.17፣ በ15 ሜትር ለ21.060 ደግሞ 3.40፣ በ10 ሜትር ለ28.060 2.55 ይሆናል።

አሁን መቀሱን ያዙት። 5.08 ብሎ መቁረጥ ስህተት ነው። 5.30 አድርጋችሁ ቁረጡ። ሽቦው ላይ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን፣ የመሬቱ ቅርበት፣ የቆርቆሮ ጣሪያው ሁሉም ልኩን ያንቀሳቅሱታል። የረዘመ ይቆረጣል፣ ያጠረን መቀጠል ግን ጣጣ ነው።

ከመክተፊያው 5 በ8 ሳንቲ ሜትር የምታህል ቁራጭ አውጡ። ለእያንዳንዱ ክንድ ሁለት ቀዳዳ፣ ለኬብሉ ሁለት ቀዳዳ፣ ከላይ ለመስቀያ አንድ ቀዳዳ ብሱ። ሽቦውን በአንዱ ቀዳዳ አስገብታችሁ በሌላው መልሱትና ቋጠሮ አድርጉበት። ክብደቱ የሚያርፈው ቋጠሮው ላይ እንጂ መገናኛው ላይ መሆን የለበትም። ይህቺን ነገር የናቀ ሰው አንቴናው በሦስተኛው ቀን ይበጠስበታል። የኬብሉን የመሀል ሽቦ ከአንዱ ክንድ፣ የውጭውን መረብ ከሌላው ክንድ አገናኙ። ከዚያ በናስትሮ በደንብ ጠቅልሉት። ዝናብ ኬብሉ ውስጥ ከገባ አያርፍም፤ መረቡን ይበላዋል።

ከመገናኛው ሥር ወዲያው ኬብሉን 13 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ 6 ጊዜ ጠምጥማችሁ በናስትሮ እሰሩት። 2 ሜትር ተኩል ያህል ኬብል ይወስዳል። ጥቅሙ ሁለት ነው። ኬብሉ ራሱ አንቴና እንዳይሆን ይገታዋል፤ ከቤት የሚመጣው ጩኸትም በኬብሉ ውጫዊ ገጽ ተሳፍሮ ወደ አንቴናው እንዳይወጣ ያደርጋል። መሀል ከተማ ለሚኖር ሰው ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል።

የክንዶቹ ጫፍ ላይ ከኤሌክትሪክ ቱቦው የተቆረጠ ቁራጭ እሰሩ፣ ከእሱ ቀጥሎ ናይለን ገመድ። አለቀ።

መስቀል

መስቀል ከመጀመራችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ዙሪያውን እዩ። የመብራት መስመር የት ነው? ምሰሶው ቢወድቅ፣ ሽቦው ቢበጠስ፣ የተወረወረው ገመድ ቢያልፍ መስመሩን ይነካል? ከመስመሩ ቢያንስ የምሰሶውን ቁመት ሁለት እጥፍ ራቁ። የኛ ሰፈሮች ሽቦ የተዘረጋባቸው እንደ ሸረሪት ድር ነው። ቦታው ካልበቃ ያን ቀን ሌላ ግቢ ፈልጉ። ይሄ የሚደራደሩበት ነገር አይደለም። የቀላል ባቡሩም የላይ ሽቦ 750 ቮልት ይዞ ነው የሚሄደው፤ ከእሱም እንደዚያው።

ምሰሶው 6 ሜትር ከሆነና ክንዶቹ በ45 ድግሪ ከወረዱ ጫፋቸው ከመሬት 2.4 ሜትር አካባቢ ይቆማል። ከሰው እጅ በላይ ነው። ገመዱን እስከ መሬት ስትቀጥሉት ከምሰሶው ግራና ቀኝ 6፣ 6 ሜትር ይወስዳል። በጠቅላላው 12 ሜትር ያስፈልጋል። ግቢው ያን ያህል ካልሆነ ክንዶቹ በአንድ መስመር መሄዳቸው ግዴታ አይደለም። ከላይ ሲታዩ ማዕዘን ሠርተው ቢታጠፉም ይሠራሉ። በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው ስፋት ግን ከ90 ድግሪ ባያንስ ይመረጣል።

ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ካለ ምሰሶውን ተዉት። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሩቡን ውሃ ሞልታችሁ አንገቱ ላይ ሲባጎ እሰሩና ጠንካራ ቅርንጫፍ አሻግራችሁ ወርውሩት። ሲባጎው ላይ ናይለን ገመዱን አስራችሁ ጎትቱ። ከሥር ሰውና መኪና እንዳይኖር። ዛፉ 10 ሜትር ከሰጣችሁ ለ20 ሜትር ባንድ ግሩም ነው። ግማሽ ሞገድ ወደሚባለው ከፍታ ትጠጋላችሁ፣ ሞገዱም ወደ ሰማይ ከመውጣት ይልቅ ወደ አድማስ ያደላል። ሩቅ አገር የሚወስደው እሱ ነው።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከሆነ ሽቦውን ቢያንስ 2 ሜትር ከቆርቆሮው አርቁት። ቆርቆሮው መሬት ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ከተጠጋ ሁሉንም ያዛባል።

ክረምት ላይ ጠዋት ውጡ። ከሰዓት ደመናው ሲከብድ አንቴናውን አውርዱ። ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ ለማውረድም አትሞክሩ። ከሽቦው ርቃችሁ ቤት ግቡ።

መለካትና መቁረጥ

ናኖቪኤንኤ የሚባለው ትንሽ መለኪያ ካላችሁ ወይም ከተዋሳችሁ ሥራው የ10 ደቂቃ ነው። የምትፈልጉት ኤስደብልዩአር የሚባለው፣ አንቴናውና ሬዲዮው ምን ያህል እንደተስማሙ የሚያሳየው ቁጥር ዝቅ የሚልበትን ፍሪኩዌንሲ ነው። ከምትፈልጉት በታች ከሆነ ሽቦው ረዝሟል። በላይ ከሆነ አጥሯል።

በግምት አትቁረጡ። አሁን ያለውን የክንድ ርዝመት በተለካው ፍሪኩዌንሲ አባዙና በምትፈልጉት አካፍሉ። ለምሳሌ ክንዱ 5.25 ሆኖ ዝቅተኛው ቁጥር 13.60 ላይ ቢገኝ፣ 5.25 ሲባዛ በ13.60 ሲካፈል ለ14.06 5.08 ይሰጣል። ከእያንዳንዱ ክንድ 17 ሳንቲ ሜትር ይቀነሳል። መጀመሪያ ግን አትቁረጡት፤ ጫፉን ወደ ኋላ አጥፋችሁ ራሱ ላይ ጠምጥሙትና ድጋሚ ለኩ። ልክ ከሆነ እጥፉን እንዳለ ተዉት። ሌላ ግቢ ስትሄዱ ልኩ ትንሽ ይለወጣል፣ ያኔ የምትፈቱት አላችሁ።

1.5 ከደረሳችሁ አቁሙ። 2 እንኳን ቢሆን ብዙ ሬዲዮ ያለ ቅሬታ ይሠራል። ከ1.5 ወደ 1.1 ለማውረድ ግማሽ ቀን ከማጥፋት ምሰሶውን አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ይሻላል።

ሁለተኛው አንቴና፦ ለኮንዶሚኒየም

በረንዳ ብቻ ያለው ሰው መሀሉን የሚሰቅልበት ምሰሶ የለውም። ለእሱ ከአንድ ጫፍ የሚመገብ ግማሽ ሞገድ ሽቦ አለ። 20 ሜትር ከምናምን የሆነ አንድ ሽቦ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ተነስቶ ግቢው ውስጥ ወዳለ ዛፍ ይወርዳል። በ40፣ በ20፣ በ15 እና በ10 ሜትር ባንድ ይሠራል። አንድ ሽቦ፣ አራት ባንድ።

ችግሩ የሽቦው ጫፍ 2,500 ኦም አካባቢ መሆኑ ነው። ሬዲዮው 50 ነው የሚፈልገው። መሀላቸው 49 ለ1 የሚባል ትራንስፎርመር ይገባል። ኤፍቲ140-43 የተባለ ክብ ፌራይት (የመግነጢሳዊ ሸክላ ቀለበት) ላይ በሬዲዮው በኩል 2 ዙር፣ በአንቴናው በኩል 14 ዙር ይጠመጠማል። 7 ለ1 ነው፤ 7 በራሱ ሲባዛ 49። በሬዲዮው በኩል ያለው መግቢያ ላይ 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በትይዩ ይያያዛል፤ 1 ኪሎ ቮልት የሚችል ይሁን። ከአሮጌ የኮምፒውተር ገመድ ላይ የሚወጣ ፌራይት ለዚህ አትጠቀሙ። ከምን እንደተሠራ ስለማይታወቅ ጉልበቱን በሙቀት ሊጨርሰው ይችላል።

ሽቦውን ከማያያዛችሁ በፊት ፈትሹት። 2.2 ኪሎ ኦም እና 270 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አገናኝታችሁ በሽቦው ምትክ ከአንቴናው መውጫ ወደ ኬብሉ መረብ ወገን እሰሩ። በአራቱም ባንዶች ኤስደብልዩአሩ ከ2 በታች ከሆነ ትራንስፎርመሩ ጤነኛ ነው። ይሄን ፍተሻ የዘለለ ሰው በኋላ ችግሩ ሽቦው ይሁን ትራንስፎርመሩ መለየት ያቅተዋል።

ሽቦውን 21 ሜትር ጀምሩና በ40 ሜትር ባንድ አስተካክሉ። የቀሩት ባንዶች ይከተላሉ። ከትራንስፎርመሩ መረብ ወገን 2 ሜትር የምትሆን ሽቦ ወደ በረንዳው ወለል ልቀቁ። ኬብሉ ላይ ያለውን ጥምጥም ደግሞ ሬዲዮው አጠገብ አድርጉት። ጫፉ ላይ በ5 ዋትም ከ100 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል። ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይሁን፣ የብረት መከለያውንም እንዳይነካ።

ጩኸትን ማደን

ሬዲዮውን በባትሪ አድርጉ። የዩፒኤስ 12 ቮልት ባትሪ ይበቃል። ከዚያ ብሬከሩን አጥፉና ስሙ። ጩኸቱ ከወረደ ምንጩ ቤታችሁ ውስጥ ነው። አንድ በአንድ እያበራችሁ ያዙት። በብዛት ጥፋተኞቹ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎችና የስልክ ቻርጀሮች ናቸው። ካልወረደ ከጎረቤት ነው፤ ያኔ መፍትሔው እናንተ መንቀሳቀስ ነው። አንዳንዴ ከሕንፃው 15 ሜትር መራቅ ብቻ ባንዱን ይከፍተዋል። ተንቀሳቃሽ ጣቢያ የያዘ ሰው ትልቁ ሀብቱ ይሄ ነው፣ ተጠቀሙበት።

አቅጣጫና ሰዓት

ወደ እንጦጦ ፊታችሁን ስታዞሩ አውሮፓ ከፊታችሁ ትንሽ ወደ ግራ ነው፣ 330 ድግሪ አካባቢ። ኒውዮርክ 315፣ ቶኪዮ ደግሞ በቀኝ በኩል 53። ባለ ሁለት ክንዱ አንቴና በጎኑ ነው የሚያበረታው። ስለዚህ ክንዶቹን ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከዘረጋችሁ አውሮፓና አሜሪካ ይመቻቸዋል። በ6 ሜትር ከፍታ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ዛፉ ያለበትን አቅጣጫ ያዙ።

አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው ወገብ በጣም ቅርብ ናት። አራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ከ1950 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የምድርን መግነጢስ የሚለካው ያለ ምክንያት አይደለም። ለእኛ ትርጉሙ ምንድነው? ቀን ላይ ከላያችን ሰማይ ላይ ያለው፣ የሬዲዮ ሞገድን የሚያንጸባርቀው ንብርብር ጠንካራ ነው፣ ከፍ ያሉት 15 እና 10 ሜትር ባንዶች ይወዱታል። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ግን ንብርብሩ ሊናወጥ ይችላል፤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። ሬዲዮው አልተበላሸም። በዝግታ ሞርስ ላኩ፣ ያልፋል።

መዝገብ የሚያዘው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። እኛ ቀላል መንገድ አለን። በቀን ሰዓታችን ላይ 3 ደምሩ። ከሰዓት 9 ሰዓት ከሆነ 12:00 ዩቲሲ ነው። ማታ ከሆነ 15 ደምሩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት 17:00 ይሆናል። ድምሩ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱና ቀኑንም ተጠንቀቁ። አድራሻችሁን ሲጠይቋችሁ፣ አማተሮች ዓለምን በሳጥን በከፋፈሉበት ካርታ ላይ መሀል ከተማው ኬጄ99 በሚባለው ሳጥን ውስጥ ነው።

ስትጨርሱ ሽቦውን በስምንት ቁጥር ቅርጽ ካርቶን ላይ ጠቅልሉት፤ በክብ ከጠቀለላችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ተጠላልፎ ግማሽ ሰዓት ይበላችኋል። ረጥቦ ከሆነ ቤት ስትገቡ ፈትታችሁ አድርቁት። ካርቶኑ ላይ የመጨረሻውን ልክ፣ የተሰቀለበትን ከፍታና ግቢውን ጻፉበት።